ደብተር ለማውጣት አንድ ሰዓት ለሚፈጅበት ተማሪ አፕ ስትሰሩ

መጀመሪያ የሰራሁት አፕ ያምር ነበር። የቤት ሥራ ዝርዝር፣ ካላንደር፣ ለየትምህርቱ የተለያየ ቀለም፣ ምን የሌለው ነገር አለ! የሰራሁት ለአክስቴ ልጅ ነው። እዚሁ ድሬ 12ኛ ክፍል ነው፣ ኤዲኤችዲ (ከልጅነት የሚጀምር፣ ትኩረትንና ችኮላን የመቆጣጠር ችግር) እንዳለበት ሐኪም ነግሮታል፣ ሲያስረዱት ከማንም ቀድሞ ይገባዋል፣ ግን ቁጭ ብሎ መጀመር የሚባለው ነገር ሞቱ ነው። አፑን ሰጠሁት። አንድ ማታ ሙሉ ቀለም ሲመርጥና የሳምንቱን ፕሮግራም ሲደረድር አመሸ፣ በጣም ደስ አለው፣ ከዚያ ተኛ። ደብተር አልተከፈተም።

ድሬ ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ምርቃና ላይ የሚሰራ ፎቅ ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ይገነባል፣ ማታ ሲሆን መሬቱም የለም። እቅድ ማውጣት በራሱ የሰሩ ያህል ያስደስታል። አፓችሁ እቅድ አውጪ ከሆነ ያንን ደስታ በነፃ እያደላችሁ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ኤዲኤችዲ ያለበት ተማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ራስል ባርክሌይ ለዓመታት ሲናገሩት የኖሩት ይህንኑ ነው፤ የሚቸግረው የሚያውቁትን ማድረግ ላይ ነው። ሥራ ማስጀመር፣ ጊዜ መገመት፣ ያሰቡትን ሳይጥሉ መያዝ፣ እነዚህ ይከብዱታል፣ በተለይ ሥራው አሰልቺ ከሆነና ውጤቱ ከራቀ። ስንፍና ብሎ የሚሰድበው ሰው ግን አያጣም። የአፓችሁ ሥራ ልጁን ስልኩን ከያዘበት ቦታ ደብተሩን እስከሚነካበት ማድረስ ነው። ከዚያ በኋላ አፑ ዝም ቢል ይሻላል።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምዝገባ አይኑር። ስም፣ ኢሜይልና ፓስወርድ እየጠየቃችሁ ልጁን ለማስጀመር መሞከር፣ በር ዘግቶ ግባ እንደማለት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይውጣ፦ «አሁን የትኛውን?» ትናንት የነካቸው ሁለት ወይም ሦስት ትምህርቶች ተደርድረው ይታዩት፣ አንዱን ይንካ፣ አለቀ። ምርጫው አሥር ከሆነ መምረጡ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆንበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የለፋሁት እዚህ ላይ ነው። «ፊዚክስ አጥና» እርምጃ አይደለም። ከየት ይጀመራል? መቼ ነው ያለቀው የሚባለው? እርምጃ ማለት እጅ የሚሰራው ነገር ነው፤ ቦርሳ መክፈት፣ ደብተር ማውጣት፣ ገጹን መግለጥ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ መገልበጥ። ለንባብ፣ ለመልመጃና ለአሳይመንት ሦስት ዓይነት ዝግጁ የእርምጃ ሰንሰለት ብትሰሩ ለአብዛኛው ይበቃል። ሰንሰለቱን ግን በሙሉ አታሳዩት። አንዱ ሲያልቅ ብቻ ቀጣዩ ይምጣ። አሁን አሁን ሁሉም ሰው ሥራውን ኤአይ ይከፋፍለው ይላል፣ ይሆናል፣ ግን ኢንተርኔት ሲጠፋ ልጁም አብሮ እንዳይጠፋ ዝግጁው ሰንሰለት ስልኩ ውስጥ ይኑር።

እዚህ ጋ አማርኛችን ራሱ አንድ ፈተና ያመጣል። ትዕዛዝ ስትጽፉ «አውጣ» ነው ወይስ «አውጪ»? ጾታ መጠየቅ ሊኖርባችሁ ነው። «ያውጡ» ስትሉ ደግሞ ባንክ ቤት ያስመስለዋል። እኔ ብዙ ከተንከራተትኩ በኋላ ያገኘሁት መልስ በራሱ አፍ ማናገር ነው፦ «ደብተሬን ላውጣ»፣ «ገጹን ልግለጥ»፣ «አንድ ጥያቄ ልገልብጥ»። ለወንድም ለሴትም ይሆናል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ሲታዘዙ ነው የሚውሉት፣ እናት፣ አስተማሪ፣ ታላቅ ወንድም። ስልኩ አራተኛው አዛዥ ከሆነ ይዘጉታል። «ላውጣ» ሲል ግን የራሱ ሐሳብ ይመስላል።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ጉድ ሰርቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ለማጥናት አስቦ አላርሙን 2:00 ላይ አደረገው። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ሌሊት በ8 ሰዓት ቤቱን ቀወጠው። አክስቴ ሌባ ገባ ብላ ተነሳች። እስካሁን ስታየኝ ታነሳዋለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰዓቱን ውስጥ ለውስጥ ስልኩ በሚያውቀው አቆጣጠር አስቀምጡት፣ ሲታይ ግን ስድስት ሰዓት ቀንሳችሁ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚል ቃል ጨምሩበት። ቃሉን እንዳትረሱ።

ሌላው ሙቀቱ ነው። አስታዋሽ በ8 ሰዓት ከቀትር በኋላ የሚልክ አፕ ድሬን አያውቅም። ያኔ ከተማው ተኝቷል! ማታ ነፋሱ ሲመጣ ነው ሰው የሚነቃው። ለዚህም ከሰዓት ይልቅ ከድርጊት ጋር ማሰሩ ይሻላል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል እቅድ ከባዶ «አጠናለሁ» እንደሚበልጥ አስረድተዋል። በእኛ ቤት ሲሆን «መግሪብ አዛን ሲል ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ» ወይም «ቶናው ሲቀዳ ደብተሬን አወጣለሁ» ይሆናል። አፑ ቶናው መቼ እንደሚቀዳ ማወቅ የለበትም። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ይሙላው፣ ስልኩን በከፈተ ቁጥር ደግሞ ይየው።

የጥናቱን ጊዜ የሚቆጥረውን ታይመር 25 ደቂቃ አታድርጉት። ያ ቁጥር ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ ካመጣው የፖሞዶሮ ዘዴ (25 ደቂቃ ሰርቶ አጭር እረፍት መውሰድ) የመጣ ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን አንዴ ለጀመረ ሰው ነው የሚሆነው። ለሚጀምር አምስት ደቂቃ ይበቃል። በቁጥር ከማሳየት ይልቅ እየቀነሰ የሚሄድ ክብ ሳሉለት፣ ጊዜ በዓይን ካልታየ ለነዚህ ልጆች የለም። አምስቱ ሲያልቅ «ልቀጥል» እና «ይበቃኛል» የሚሉ ሁለት እኩል ቁልፎች ይምጡ፣ «ይበቃኛል»ን በግራጫ አትደብቁት። ደወሉም ለስላሳ ይሁን፤ አንዴ ከገባበት ልጅ ላይ ጮኾ ማስደንገጥ ግፍ ነው።

ስልኩ ራሱ ጠላት መሆኑን አትርሱ። ቲክቶክና ቴሌግራም አንድ ጣት ርቀት ላይ ናቸው። እኔ ያደረግኩት፣ ታይመሩ የሚጀምረው ስልኩ ፊቱ ወደታች ሲገለበጥ ነው። የስልኩ ሴንሰር ይህን ያውቃል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። መገልበጡም አንድ መጀመሪያ ይሆነዋል፣ ክቡን ማየት ሲፈልግ ቀና አድርጎ ይየው።

ብቻውን የማይጀምር ልጅ ሰው አጠገቡ ሲኖር ብዙ ጊዜ ይጀምራል። የሚረዳው ሰው አያስፈልግም፣ እናቱ እዚያው ሽንኩርት ብትልጥ በቂ ነው። ለዚህ አንዲት ቁልፍ ጨምሩ፦ ለአንድ ጓደኛ በቴሌግራም «ልጀምር ነው» የምትል መልእክት የምትልክ። ደረጃ፣ ውድድር፣ ነጥብ ግን አቦ ተዉት! በተለይ በተከታታይ የተጠናበትን ቀን የሚቆጥረውን። አንድ ቀን ሲቋረጥ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ ልጁ ያፍራል፣ ያፈረበትን አፕ ደግሞ ዳግም አይከፍትም። ካለፈው ሳምንት የቀረውንም በቀይ አትደርድሩበት። ዝም ብላችሁ አጥፉለት፣ አስተማሪው አይረሳውም።

ቴክኒኩን በአጭሩ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ በልኩ ሰዓት የሚደወል አላርም ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከ13 ጀምሮ ደግሞ ኖቲፊኬሽን ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል። አፑ እንደተከፈተ አትጠይቁት፣ አንዴ ተጠቅሞ ከወደደው በኋላ ይሁን። አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው አፑን ከጀርባ ስለሚገድሉት፣ ስልኩን ዘግታችሁ አሳድራችሁ ፈትኑ። ጽሑፉን ሁሉ ከኮዱ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ድሬ ላይ አማርኛ ብቻ ብሎ ነገር የለም፣ ኦሮምኛና ሶማልኛም ይመጣል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቃሉ ስለሚረዝም ቁልፎቹን አታጥብቡ። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የሚታየው ማሳሰቢያ ላይ «ኤዲኤችዲ» የሚል ቃል እንዳይወጣ፣ ታናሽ እህቱ አንብባ ሰፈሩን ታዳርሰዋለች። አፑም ምርመራ አይስራ። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸውን፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መኖራቸውን አጣርቶ የሚወስነው ሐኪም ነው።

በመጨረሻ ስትፈትኑት «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የድሬ ልጅ ሰው አያስቀይምም፣ «አሪፍ ነው» ይላችኋል። ወላጁን አስፈቅዳችሁ፣ ቤቱ ሄዳችሁ፣ ሻይ እየጠጣችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ አፑን ከከፈተበት ሴኮንድ ደብተሩን እስከነካበት ቁጠሩ። እኔ በመጀመሪያው አፕ ብቆጥር ኖሮ እስከ ጠዋት እቆጥር ነበር። ሁለተኛውን ስሞክር ልጁ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠና ወዲያው ብድግ ብሎ ሄደ። አልሰራም ብዬ ቆጠራዬን ልተው ስል እስክሪብቶ ይዞ ተመለሰ። ለካ የመጀመሪያው እርምጃ «እስክሪብቶ ልፈልግ» መሆን ነበረበት፤ ያንኑ ማታ ጨመርኩት።