ሪኮመንዴሽን ለምትጽፉ መምህራን
አሜሪካ ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪያችሁ ለትሩማን (ህዝብ ማገልገል ለሚፈልጉ) ወይ ለጎልድዋተር (ሳይንስ ላይ ምርምር ለሚሰሩ) ስኮላርሺፕ ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሲጠይቃችሁ በደፈናው "ጎበዝና ታታሪ ነው" ብላችሁ አትላኩ፣ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል። ሲቪውን ተቀበሉትና ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ ከዛ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፣ ለምሳሌ ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤቱ አልገጥም ሲል ማንም ሳያዘው ዳታውን ከስር ጀምሮ ፈትሾ ስህተቱን ያገኘበትን ቀን። ትሩማን ላይ ደሞ ሶስት ደብዳቤ ነው የሚፈለገው፣ አንዱ ስለ ሊደርሺፕ አንዱ ስለ ህዝብ አገልግሎት አንዱ ስለ ትምህርት፣ የናንተ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ። በደንብ የማታውቁት ልጅ ከሆነ በጊዜ እምቢ በሉት፣ በይሉኝታ የተጻፈ ለብ ያለ ደብዳቤ ይጎዳዋል (እውነቴን ነው)። ሮድስ (ኦክስፎርድ የሚያስተምረው ስኮላርሺፕ) ከሆነ ግን ስለራሱ የሚጽፈውን ኤሴይ አትንኩበት፣ የራሱ ስራ ብቻ መሆን አለበት።