ናፍጣ መኪናችሁ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ከየት ትጀምራላችሁ

ናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ ሲለቅ ብዙ ሹፌር ቀጥታ ሚሄደው ፖምፒስታ (ናፍጣውን በግፊት ሚገፋውን ፖምፓ ሚያስተካክል ባለሙያ) ጋር ነው፣ ፖምፓውን ትንሽ ቀንስልኝ ወይ ጨምርልኝ ይላል። በኔ እይታ ፖምፓው መጨረሻ ላይ ነው ሚነካው። ጥቁር ጭስ ማለት በአብዛኛው አየር ያላገኘ ናፍጣ ማለት ስለሆነ መጀመሪያ አየሩ፣ ከዛ ነዳጁ፣ ከዛ ናፍጣውን ሞተር ውስጥ ሚረጨው ኢንጀክተር ይታያል።

እስቲ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ። ናፍጣ ሞተር ላይ እንደ ቤንዚን ካንዴላ የለም፣ አየሩ ሲታመቅ በጣም ይግላል፣ ኢንጀክተሩ እዛ ላይ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ለመቀላቀልም ለመቃጠልም ያለው ጊዜ ጥቂት የሰከንድ ሺኛ ብቻ ነው። ስለዚ ናፍጣው እንደ ጉም ደቆ መበተን አለበት። ያው ጭራሮ ቦግ ብሎ ሲነድ ግንዱ ሚጨሰው ማለት ነው፣ የጠብታውን ውፍረት በግማሽ ብትቀንሱት ያው መጠን ናፍጣ ከአየር ጋር ሚገናኝበት ቦታ እጥፍ ይሆናል። ትልልቁ ጠብታ ግን ሳይተን ይቀርና ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ይሄ ጥላሸት ደሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ልጅ አዝላ የቆመችው እናት ምትተነፍሰው እሱኑ ነው።

መጀመሪያ የጭሱን ቀለም እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ይሄ ጽሁፍ አይመለከታችሁም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ከሆነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ሳይቃጠል ሚወጣ ነዳጅ አለ፣ ኢንጀክተር እየተንጠባጠበ ወይ ታይሚንጉ (ናፍጣው ሚረጭበት ቅፅበት) ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ከሆነ ቀጥሉ።

አየር። ፊልትሮውን አውጡና እዩት፣ በተለይ አቧራ መንገድ ምትሰሩ ከሆነ። በኮምፕሬሰር እየነፉ መልሶ መግጠም የተለመደ ነው ግን ወረቀቱ ከተቀደደ አቧራው ሞተር ውስጥ ነው ሚገባው፣ መቀየር ይሻላል። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር ሚያስገባ) ካለው ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳብሱ፣ የተሰነጠቀ ወይ ክላምፑ የላላ ካለ ዘይትና ጥላሸት ለጥፎበት ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ወደ ሩብ ገደማ የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው መኪና ፖምፓው ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነ እዚህ ናፍጣ ይበዛበታል። አንዳንድ ፖምፓ ለከፍታ ራሱ ሚቀንስ ነገር አለው፣ መስራቱን ፖምፒስታውን ጠይቁት።

ነዳጅ። የናፍጣ ፊልትሮው ስር ያለውን ውሃ ማፍሰሻ ከፈት አድርጋችሁ ውሃውን አስወጡ፣ ፊልትሮውንም በጊዜው ቀይሩ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ቢረክስም አትግዙ፣ ማለስለስ ስለማይችል ፖምፓውንም ኖዝሉንም (የኢንጀክተሩን መርጫ ጫፍ) ይበላዋል፣ የተበላ ኖዝል ደሞ መበተኑን ትቶ መሽናት ይጀምራል።

አሁን ኢንጀክተር። የድሮ ሜካኒካል ፖምፓ ያለው ሞተር ከሆነ፣ በሚኒሞ እየሰራ የአንዱን ኢንጀክተር ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍናችሁ ትንሽ ላላ አድርጉት፣ መነጽርና ጓንት ይኑራችሁ። የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር መጀመሪያም አልሰራም ነበር ማለት ነው። ይሄንን ኮመን ሬል ላይ (ኢንጀክተሩ በኮምፒውተር ሚታዘዝ አዲስ አይነት ሞተር) በፍፁም እንዳትሞክሩት፣ እዛ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል።

ከዛ ኢንጀክተሮቹን ሁሉ አስፈትታችሁ ቴስተር (የኢንጀክተር መሞከሪያ መሳሪያ) ላይ ይሞከሩ፣ እናንተም ቆማችሁ እዩ። ሶስት ነገር ነው ሚታየው። በስንት ባር ይከፍታል፣ ማኑዋሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይመሳከራል፣ ሁሉም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አረጫጨቱ እንዴት ነው፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ወይ እንደ ክር ሚወርድ መኖር የለበትም። ሶስተኛው መንጠባጠብ ነው፣ ግፊቱን ከመክፈቻው 10 እስከ 20 ባር ዝቅ አድርጎ ለ10 ሰከንድ ሲይዘው ጫፉ ላይ ጠብታ ከተንጠለጠለ ኖዝሉ ይቀየር። እጃችሁን ግን ከሚረጨው ፊት እንዳታደርጉ፣ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ከውጪ ትንሽ ነጥብ ነው ሚመስለው ግን ወዲያው ሆስፒታል ሚያስሮጥ አደጋ ነው፣ ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል።

ሲመለስ ደሞ እዚህ ጋ ብዙ ስራ ይበላሻል። ኢንጀክተሩ ስር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ አዲስ ትሁን፣ አንድ ብቻ፣ ውፍረቷም ትክክለኛው። አሮጌዋ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ተጣብቃ ቀርታ ሌላ ከተደረበባት ኖዝሉ ከፍ ይላል፣ ቀጥታ ሚረጭ ሞተር ላይ ናፍጣው ፒስቶኑ ላይ ያለውን ጉድጓድ ይስትና ግድግዳውን ይመታል፣ ኖዝሉ አዲስ ሆኖ መኪናው ግን ያጨሳል። ሮንዴላዎቹን ስትፈቱ ቁጠሩ፣ መቀመጫውንም አስጠርጉ።

ታይሚንግ በማኑዋሉ ልክ ይሁን። ሲዘገይ ጭስ ይበዛል፣ ሲቀድም ጭሱ ይቀንስና ሞተሩ ይንኳኳል፣ ሌላ የማይታይ ጋዝ ማለትም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይጨምራል፣ ስለዚ ጭስ ለማጥፋት ብቻ ብሎ ማስቀደም ልክ አይመስለኝም። ፖምፓው ላይ ያለችውን ማክሲመም የናፍጣ ብሎንም ለጉልበት ብላችሁ አታስጨምሩ፣ አየር ከሌለው ትርፉ ናፍጣ ጉልበት አይሆንም።

ኮመን ሬል ያላችሁ ደሞ ኢንጀክተር ስትቀይሩ ላዩ ላይ ያለው ኮድ በማሽን የመኪናው ኮምፒውተር ላይ መግባት እንዳለበት ለመካኒኩ ንገሩት፣ ብዙዎቹ ላይ ካልገባ ሚረጨው መጠን ይዛባል።

ሁሉም ካለቀ ሞተሩን በደንብ አሙቁትና ነዳጅ ስጡት። ነዳጅ ስትሰጡት ለቅፅበት ጠቆር ብሎ ከጠፋ የድሮ ሞተር ላይ የተለመደ ነው፣ ካልጠፋ ግን ሌላ ኢንጀክተር ከመግዛታችሁ በፊት ቫልቭና ኮምፕሬሽን አስለኩ።