በተርሚናል የሚሠራ የሥራ ዝርዝር መያዣ ፕሮግራም በፓይተን እንዴት ይሠራል?

ተርሚናል ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። ሥራ መመዝገብ፣ ዝርዝሩን ማየት፣ ያለቀው ላይ ምልክት ማድረግ፣ መሰረዝ። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የራሱ መስኮትም በተንም ስለሌለው ኮዱ አጭር ነው። ሜኑው ቀላል ነው። ጀማሪ የሚደናቀፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ተጠቃሚው የሚያስገባው ቁጥርና ዝርዝሩ የሚቀመጥበት ፋይል። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ አልፈን እነዚህ ላይ እንቆያለን።

ከመጀመራችን በፊት፦ የፓይተን ትእዛዞችን እዚህ በአነባበባቸው ጽፈናቸዋል። ኮዱ ውስጥ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። ትሩ፣ ፎልስ እና ደረጃ 5 ላይ ከፓዝሊብ የምናወጣው ፓዝ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ በኤረር (የስህተት መልእክት) ስሞች ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል።

1. ዝግጅት

ፓይተን 3ን ጫኑ። ዊንዶውስ ላይ በተለመደው ኢንስቶለር ስትጭኑ፣ ፓይተንን ወደ ፓዝ (ተርሚናሉ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) የምትጨምረውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አትርሱ፤ ከተረሳች ተርሚናሉ ትእዛዙን አያውቀውም። ተርሚናል ከፍታችሁ ፓይተን ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝና ቨርዥን የሚለውን ቃል አያይዛችሁ አስከትሉ። በ3 የሚጀምር ቁጥር ከመጣ ተጭኗል። ማክና ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ የትእዛዙ ስም መጨረሻ ላይ 3 ይጨመራል።

አዲስ ፎልደር ውስጥ በነጥብ ፒ ዋይ የሚያልቅ ፋይል ክፈቱ። ኖትፓድ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ፋይሉ ሲቀመጥ ከኋላው ነጥብ ቲ ኤክስ ቲ እንዳልተጨመረበት አረጋግጡ።

2. ሜኑው

መጀመሪያ ባዶ ሊስት (ነገሮችን በተራ የሚይዝ ዝርዝር) ፍጠሩ። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በአማርኛ ስለሚቀበል «ሥራዎች» ልትሉት ትችላላችሁ። ነገር ግን አንድ ቦታ በንጉሡ ሠ «ሥራዎች»፣ ሌላ ቦታ በእሳቱ ሰ «ስራዎች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ኔም ኤረር ይመጣል። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆነው ሁሉ ለኮምፒውተር አንድ አይደለም።

ከዚያ ዋይል ትሩ ብላችሁ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ክፈቱ። ውስጡ ሜኑውን በፕሪንት አሳዩ፣ ምርጫውን በኢንፑት ተቀበሉ፣ በኢፍ፣ በኤሊፍና በኤልስ ለዩት። መውጫው ብሬክ ነው። ሁለት ስህተቶች እዚህ ይደጋገማሉ። ኢንፑት የሚመልሰው ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው፤ ምርጫውን ጥቅስ ከሌለው 1 ጋር ካወዳደራችሁት በፍጹም እኩል አይሆንም፣ ፕሮግራሙም የትኛውንም ብትመርጡ ወደ ኤልስ ይሄዳል። ሁለተኛው ብሬክን ከኢፉ ውጭ ማስፈር ነው፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ምርጫ በኋላ ይዘጋል። በየደረጃው ወደ ውስጥ የምትገቡት አራት ክፍት ቦታ ይሁን፤ ታብና ስፔስ አትቀላቅሉ።

3. መጨመርና ማሳየት

እያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ዲክሽነሪ (ዋጋዎችን በስም፣ ማለትም በቁልፍ የሚይዝ) ይሁን፦ አንዱ ቁልፍ ጽሑፉን፣ ሌላው «አልቋል» የሚለውን በፎልስ ይይዛል፤ ያለቀው ላይ ምልክት ሲደረግ ፎልሱ ወደ ትሩ ይለወጣል። የገባውን ጽሑፍ በስትሪፕ ከዳርና ዳር ባዶ ቦታ አጽዱት፤ ከጸዳ በኋላ ምንም ካልቀረ አትመዝግቡት፣ ያለበለዚያ ዝርዝሩ በባዶ መስመሮች ይሞላል። የተረፈውን በአፔንድ ሊስቱ ላይ ጨምሩ።

ለማሳየት እያንዳንዱን ሥራ ከተራ ቁጥሩ ጋር የሚሰጠውን ኢኑመሬትን ተጠቀሙ፤ መነሻውን 1 አድርጉለት፣ ካልነገራችሁት ከ0 ነው የሚቆጥረው።

4. ቁጥሩ

ለመሰረዝ ወይም ምልክት ለማድረግ ተጠቃሚው 3 ሲል ሊስቱ ውስጥ ኢንዴክስ (ከ0 የሚጀምር የቦታ ቁጥር) 2 ማለት ነው፤ ስለዚህ አንድ ይቀነሳል። አደጋው ያለው 0 ላይ ነው። ከ0 አንድ ሲቀነስ -1 ይሆናል፤ በፓይተን ደግሞ -1 የሊስቱ የመጨረሻ አባል ነው። ኤረር ሳይመጣ፣ ማንም ሳያውቅ የመጨረሻው ሥራ ይሰረዛል። ፕሮግራሙን ከሚያቆም ኤረር ይልቅ እንዲህ ያለው ዝምተኛ ስህተት ይከፋል። ከመቀነሳችሁ በፊት ቁጥሩ ከ1 እስከ ሊስቱ ርዝመት መሆኑን ፈትሹ።

ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኢንት ነው፤ «ሁለት» ተብሎ ቢጻፍለት ቫልዩ ኤረር ያወጣል። ትራይ ውስጥ አስገቡት፣ ኤክሴፕት ላይ ቫልዩ ኤረርን ያዙና «ቁጥር ያስገቡ» በሉ። አንዳንዱ ሰው ጽሑፉ አኃዝ ብቻ መሆኑን በሚያየው በኢዝዲጂት ቀድሞ ማጣራት ይቀለዋል፤ አትመኑት። የግእዙን ፫ አኃዝ ነው ብሎ ያሳልፈዋል፣ ኢንት ግን አይቀበለውም፣ ፕሮግራሙም ይቆማል።

ያለቁትን ሁሉ በአንዴ ማጽዳት ከፈለጋችሁ በሊስቱ ላይ እየዞራችሁ አትሰርዙ። አንዱ ሲወጣ ቀጣዩ በቦታው ይተካል፣ ሉፑ ግን ወደፊት ያልፋል፤ ሁለት ያለቁ ሥራዎች ከተከታተሉ ሁለተኛው ይቀራል። ያላለቁትን ብቻ ወደ አዲስ ሊስት ሰብስባችሁ አሮጌውን ተኩት።

5. ፋይሉ

እስካሁን ዝርዝሩ ያለው ሚሞሪ ላይ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይጠፋል። ጄሰን የሚባለው ሞጁል (ከፓይተን ጋር የሚመጣ የተዘጋጀ ኮድ) ሊስቱን እንዳለ ፋይል ላይ ያሰፍረዋል። ሞጁሉ ካልተነገረው አማርኛውን ወደ ኮድ ቁጥሮች ይለውጠዋል፤ ተመልሶ ሲነበብ ትክክል ነው፣ ፋይሉን በዓይን ማንበብ ግን አይቻልም። ኢንሹር አስኪ የሚለውን (ሁለቱ ቃላት በታች ሰረዝ ይያያዛሉ) ፎልስ ስታደርጉ ፊደሉ እንዳለ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ፋይሉን ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን (ፊደላት ፋይል ላይ የሚቀመጡበትን ስልት) ዩቲኤፍ 8 በሉት፤ ለመጻፍም ለማንበብም። ዊንዶውስ ላይ ካልተገለጸ ብዙ ጊዜ አማርኛን የማያውቅ አሮጌ ኢንኮዲንግ ይመረጥና ዩኒኮድ ኢንኮድ ኤረር ይመጣል። ተርሚናሉ ላይ ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥን ካያችሁ ግን ችግሩ የፎንት ነው፤ ዳታው አልተበላሸም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ፋይሉ የለም። ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረርን ያዙና ባዶ ሊስት መልሱ። ሁሉንም ኤረር በአንድ ባዶ ኤክሴፕት አትያዙ፤ የተበላሸ ፋይልም «ምንም ሥራ የለም» ተብሎ ይታለፍና ቀጣዩ ምዝገባ ይደመስሰዋል።

በደብልዩ (ለመጻፍ) የተከፈተ ፋይል ገና ሲከፈት ባዶ ይሆናል፤ ጽሑፉ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ ዝርዝሩ አብሮ ሄደ። መፍትሔው መጀመሪያ ሌላ ጊዜያዊ ፋይል ላይ መጻፍ፣ ያንን ከዘጋችሁ በኋላ ኦ ኤስ ሞጁል ውስጥ ባለው ሪፕሌስ በዋናው ፋይል ቦታ መተካት ነው። የምታስቀምጡትም ስትወጡ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ይሁን።

የፋይሉን ስም ብቻ ከሰጣችሁ፣ ፓይተን የሚፈልገው ተርሚናሉ በቆመበት ፎልደር ነው። ከሌላ ፎልደር ስታስነሱት ዝርዝሩ የጠፋ ይመስላል፤ አዲስ ባዶ ፋይልም እዚያ ይፈጠራል። አድራሻውን ከፕሮግራሙ ፋይል አድራሻ አውጡ፦ ፓዝሊብ ሞጁል ውስጥ ያለው ፓዝ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ያለውን «ፋይል» የሚል ስም ተቀብሎ የፕሮግራሙን ፋይል አድራሻ ይሰጣል፤ ከእሱ ፎልደሩን በፓረንት ወስዳችሁ የዝርዝሩን ፋይል ስም ጨምሩበት።

6. ፍተሻ

ሦስት ሥራ መዝግቡ፣ አንዱ ላይም ያለቀ ምልክት አድርጉ። ሰርዝ ብላችሁ በተራ 0፣ 99፣ «ሁለት» እና ፫ አስገቡ፤ አራቱም ጊዜ ማሳሰቢያ መጥቶ ሦስቱም ሥራዎች መቅረት አለባቸው። ከዚያ ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ ፕሮግራሙን በኃይል አቋርጡት፣ ወደ ሌላ ፎልደር ሂዱና የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ሰጥታችሁ እንደገና አስነሱት። ሦስቱ ሥራዎች ከነምልክታቸው ካልታዩ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።