አናፖሊስ ሮክስና ብላክ ሮክ፦ ድንጋያማውን የአፓላቺያን ትሬል በአንድ ቀን እንዴት መሄድ ይቻላል?

አፓላቺያን ትሬል ከጆርጂያ ተነስቶ 14 ግዛቶችን እያቋረጠ ሜይን የሚደርስ፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግር መንገድ ነው። ለዲሲና ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ በአንድ ቀን ሄዶ ለመመለስ የሚመቸው በሜሪላንድ የሳውዝ ማውንቴንን ጀርባ ይዞ የሚሄደው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ላይ ካሉት ሁለት የገደል ጫፎች፣ እስከ አናፖሊስ ሮክስ ደርሶ መልስ 5 ማይል (8 ኪሎ ሜትር) ያህል ነው፤ እስከ ብላክ ሮክ ከቀጠሉ 7 ማይል (11 ኪሎ ሜትር) ይሆናል። ተራራው ያን ያህል ከፍ ያለ አይደለም። ሰው የሚያስቸግረው ድንጋዩ ነው፤ ስለዚህ ዝግጅቱም ከእግር ይጀምራል።

ጫማ

ከወፍራም ካልሲ ጋር ተለክቶ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው። ይህ ካልተጠበቀ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። ሶሉ ጥርስ ያለውና በቀላሉ የማይታጠፍ ይሁን፤ በስስ ስኒከር የሾሉ ድንጋዮችን ሲረግጡ ውለው የውስጥ እግርዎ ይቃጠላል። አዲስ ጫማ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሰፈር ውስጥ ያድርጉት።

የሚያዝ

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ በበጋ 3። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ ዓይነት መንገድ የተሠሩ ይመስላሉ፤ አይበላሹም፣ እየሄዱም ይበላሉ። አናፖሊስ ሮክስ ላይ እሳት ማንደድ ስለማይፈቀድ ቡናው ከቤት በፔርሙዝ ይምጣ። የግንባር መብራት፣ ፋሻና ቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ ካርታ ይጨምሩ።

መነሻ

ስልክዎ ላይ “አናፖሊስ” ብቻ ብለው ከጻፉ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ባሕር ወሽመጡ ከተማ ይወስድዎታል። የሚፈልጉት ከማየርስቪል አለፍ ብሎ በዩኤስ 40 መንገድ ላይ ያለውን የአፓላቺያን ትሬል ማቆሚያ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ረፈድ ካለ ይሞላል። ሲሞላ መኪናውን በመንገዱ ዳር ማቆም ቅጣት ያስከትላል፤ ስለዚህ በጠዋት ይድረሱ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ይሂዱ። ወደ ደቡብ ከዞሩ የሚያገኙት ወደ ዋሽንግተን ሞኑመንት ስቴት ፓርክ (የዲሲው ሐውልት አይደለም) የሚወስደውን ነው። ዛፍ ላይ የተቀባው ቁመቱ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ምልክት ዋናውን መንገድ ያሳያል፤ ሁለት ተደራርበው ካዩ መታጠፊያ አለ። ሰማያዊ ምልክት የገባር መንገድ ነው። ለረጅም ጊዜ ነጭ ካላዩ ወደፊት አይግፉ፤ መጨረሻ ወዳዩበት ይመለሱ።

አረማመድ

ዋናው ዳገት መጀመሪያው ላይ ነው። እያወሩ መሄድ ካቃተዎት ፍጥነትዎ በዝቷል። 2.2 ማይል ገደማ ላይ በግራ የሚገነጠለው ሰማያዊ መንገድ አናፖሊስ ሮክስ ያደርሳል። ብላክ ሮክ ከመገንጠያው 1 ማይል ያህል አለፍ ብሎ፣ እሱም በግራ ነው።

ድንጋይ ላይ እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን ለቀቅ ያድርጉ። ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ ሳያስተላልፉ ድንጋዩን በእግርዎ ጫን ብለው ይሞክሩት፤ ከተነቃነቀ ሌላ ይምረጡ። ሁለት ድንጋዮች መሐል ያለው ክፍተት ውስጥ አይርገጡ፣ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚያ ነው። የድንጋይ ሽበት (ሞስ) የበቀለበት እርጥብ ድንጋይና ልጣጩ የተላጠ የዛፍ ሥር እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። በኅዳር ደግሞ የረገፈው ቅጠል ክፍተቱን ሁሉ ስለሚሸፍነው ዱላ አስቀድሞ መሬቱን መንካት አለበት። ዙሪያውን ማየት ሲያምርዎት ቆም ይበሉ፤ እየተራመዱ ቀና ማለት ነው ሰውን የሚጥለው። ሲቀመጡም ሆነ እጅዎን ሲያሳርፉ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ፀሐይ የሚሞቅ መርዛማ እባብ ሊኖር ይችላል።

ገደሉ ጫፍ ላይ አጥር የለም። አለቱ ላይ የታሰረ ገመድ ካዩ አይንኩ፣ ጠጠርም ወደ ታች አይወርውሩ፤ ከሥር የሚወጡ ሰዎች አሉ።

መመለስ

ለ7 ማይሉ ከነእረፍቱ 5 ሰዓት ይያዙ። ገደሉ ወደ ምዕራብ የሚያይ በመሆኑ ብዙ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ይቆይና በጨለማ ይወርዳል፤ ለዚህ የስልክ መብራት አይበቃም። ከመውረድዎ በፊት ተረከዙ ወደፊት እንዳይንሸራተት ማሰሪያውን ከላይ ያጥብቁ። ወለምታ የሚበዛውም በመልሱ መንገድ፣ እግር ሲዝል ነው። ከደረሰ ጫማውን አያውልቁ፤ ካበጠ በኋላ ተመልሶ አይገባም። ማሰሪያውን አጥብቀው ይሞክሩ፣ እግሩ ክብደት መሸከም ካልቻለ 911 ይደውሉ።

ቤት እንደገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብትና ፀጉር ውስጥ መዥገር ይፈልጉ። ካገኙ ክብሪትም ቫዝሊንም ሳይጠቀሙ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀስ ብለው ቀጥታ ይሳቡት፣ ቦታውንም በአልኮል ይጥረጉ። በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ቆዳዎ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ከወጣ ወይም ትኩሳት ከተሰማዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ መዥገር እንደነከሰዎትም ይንገሩ።