ስፖርትን ለትኩረት ማነስ እንዴት መጠቀም ይቻላል

ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማነስና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከወንበሩ ላይ የማይረጋ ልጅ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ከተዘረዘሩት ሦስት መገለጫዎች አንዱ በዋናነት የትኩረት ማነስ የሚታይበት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሐሳቡ ይነጉዳል፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ይተዋል፣ ቀጠሮ ይረሳል። ስለማይረብሽም ችግሩ ሳይታወቅለት፣ ሰነፍ እየተባለ ዓመታትን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ይህም ከባድ በደል ነው።

ሰውነት ሲንቀሳቀስ ትኩረትን የሚያግዙ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉ የአንጎል ኬሚካሎች ይጨምራሉ፤ ሜቲልፌኒዴት የተባለው መድኃኒት የሚሠራውም በእነዚሁ ላይ ነው። የስፖርቱ ውጤት ግን ጊዜያዊ ስለሆነ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። ለኤዲኤችዲ የሚሰጡ አነቃቂ መድኃኒቶች የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ እነዚህን የሚወስድ፣ ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው በቅድሚያ ሐኪሙን ያማክር።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው፣ የሰዓት ምርጫ ነው። ብዙዎች ስፖርትን የሚሠሩት ቀኑ ካለቀ በኋላ፣ ከተረፋቸው ጊዜ ላይ ነው፤ ትኩረቱ የሚበታተንበት ሰው ግን እንቅስቃሴውን በጣም ከሚከብደው ሥራ አስቀድሞ ማድረግ አለበት። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ልጆች ለ20 ደቂቃ በመጠነኛ ፍጥነት ከተንቀሳቀሱ በኋላ የንባብና የሒሳብ ውጤታቸው፣ ያንኑ ጊዜ ተቀምጠው ሲያነቡ ከቆዩበት ቀን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ማታ የሚያጠና ተማሪ ከማጥናቱ በፊት ሶምሶማ ይሩጥ ወይም ገመድ ይዝለል፤ ጠዋት ከባድ ሪፖርት የሚጠብቀው ሠራተኛ ደግሞ ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ ቀሪውን መንገድ በፈጣን እርምጃ ይሂድ። ከመውጣትዎ በፊት ደብተሩን በሚፈለገው ገጽ ላይ ከፍተው ይተዉት፤ ሲመለሱ ስልክ ካነሱ ያገኙት የነቃ ጊዜ እዚያው ያልቃልና።

ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየተንቀሳቀሱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ መጠኑ ልክ ነው።

ትልቁ ፈተና መጀመር ነው፤ መርሳትና ማዘግየት የችግሩ አካል ስለሆኑ በቁርጠኝነት ብቻ መታመን አያዋጣም። ጫማዎን ማታውኑ በር ላይ ያስቀምጡ፤ «ቡናዬን እንደጠጣሁ እወጣለሁ» ብለው እንቅስቃሴውን ከለመዱት ነገር ጋር ያያይዙት፤ ከሁሉም በላይ የሚጠብቅዎ ጓደኛ ይኑርዎት። አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋገም ቶሎ ስለሚሰለች፣ አንድ ሳምንት ኳስ፣ ሌላ ሳምንት እስክስታ መሥራት ምንም ነውር የለበትም። በጾም ወቅት ጠንከር ያለውን እንቅስቃሴ ምግብ ከሚቀመስበት ሰዓት አቅራቢያ ማድረግና ሌላውን ጊዜ በቀላል የእግር ጉዞ ማሳለፍ ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃን መክሯል። ይህ በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም፤ በአሥር በአሥር ደቂቃ ተከፋፍሎም ይቆጠራል። ያመለጠን ቀን ለማካካስ በማግስቱ እጥፍ ከመሥራት ይልቅ የተለመደውን መቀጠል ይሻላል።

ወላጆችንና መምህራንን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ የቤት ሥራውን የረሳን ልጅ ከእረፍት ሰዓት ጨዋታ አታስቀሩት፤ የሚረዳውን ነገር ቀምታችሁ ትኩረት እንዲያገኝ መጠበቅ አይቻልም።