ከሃርት አታክ በኋላ ታማሚን ቤት ውስጥ እንዴት እናስታምም?

ደሴም ሆነ ወልዲያ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲወጣ የመድኃኒት ከረጢት ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ክኒን ለምን፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ ነርሷ በአማርኛ እንድትጽፍላችሁ ጠይቁ። የመውጫ ማጠቃለያውን፣ የኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ወረቀቱንና የቀጠሮ ካርዱን በአንድ ላስቲክ አኑሩ፤ ሌሊት ጤና ጣቢያ ብትደርሱ ተረኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ብዙ ታማሚ የሚጎዳው መድኃኒት ሲያቋርጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አቶርቫስታቲን፣ ሜቶፕሮሎልና ኢናላፕሪል ይታዘዛሉ። ሕመሙ ሲለቅ «ድኛለሁ» ይባልና ይተዋሉ። ክሎፒዶግሬል ብዙ ጊዜ እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ስቴንት (የጠበበውን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ቀድሞ ካቆመ ደም ረግቶ ስቴንቱን ሊዘጋው ይችላል። ሜቶፕሮሎልም በድንገት ሲቆም የደረት ውጋቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ 7 ቀን የሚበቃ ክኒን ሲቀር ሌላ ግዙ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ ሐኪሙ በሌላ ይቀይረዋል፤ በራሳችሁ አታቁሙት። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ አትግዙ፤ ልብንም ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

ጠዋት ጠዋት ታማሚው 5 ደቂቃ አርፎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን ለክታችሁ ጻፉ። ላይኛው ቁጥር ከ90 በታች ከሆነ ወይም ምቱ በደቂቃ ከ50 ካነሰ፣ በተለይ ካዞረው፣ ቀጣዩን ክኒን ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ደውሉ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ወይም እግሩን በአውራ ጣት ስትጫኑት ጎድጎድ ብሎ ከቀረ፣ ሰውነቱ ውሃ እየያዘ ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

እርምጃውን ከደልዳላ መንገድ አስጀምሩ፤ የደሴ ዳገት ይቆየው። መጀመሪያ በቀን ሁለት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየቀኑ 1 ወይም 2 ደቂቃ መጨመር ነው። እየሄደ ማውራት ካቃተው ፈጥኗል። 20 ሊትር ጀሪካን አያንሳ።

ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከ5 ግራም፣ አይለፍ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ ወጥ ላይ የምትጨምሩት ያልፈዋል፤ ለእሱ ያለ ጨው ማስፈጨት ይሻላል። ቅቤ ይቅር፤ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ይብላ።

ጠያቂ ሲመጣ «አላህ ያሽርህ»፣ «እግዜር ይማርህ» ማለቱ ደግ ነው፤ ዱአውም ይደረግ። ጫቱ ግን ከታማሚው ይራቅ፤ ምቱን ያፈጥናል፣ የልብን የደም ሥር ያጠባል። ሲጋራም ቤት ውስጥ አይጨስ። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የክኒኑን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ክኒን መዝለል የለም።

ደረቱን ከጨመደደው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አታሳልፉት። አስቀምጡት፤ ናይትሮግሊሰሪን ከታዘዘለት አንድ ከምላሱ ሥር አድርጉ። በ5 ደቂቃ ካልተሻለው 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። የአስፒሪን አለርጂ ወይም የሚደማ ቁስለት ከሌለበት 300 ሚሊግራም አስፒሪን ያኝክ። አምቡላንስ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት እንጂ በእግሩ አታስኬዱት። በስኳር ታማሚዎችና በሴቶች ላይ ውጋት ሳይኖር ትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ያኔም እንደዚሁ አድርጉ።