ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ሰው ስትጸልዩ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ከጦርነት ከተመለሱ ወንድሞችና እህቶች ጋር ስጸልይ ቆይቻለሁ፣ እና ደጋግሜ የማየው ነገር ሰውየው ሊጸለይለት መጥቶ ይበልጥ ቆስሎ ሲሄድ ነው። የሚጸልዩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፣ ይወዱታል፣ ግን ይቸኩላሉ።

በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም። ሳይጠይቁ ከኋላ መጥቶ እጅ መጫን። አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ የቀድሞ ወታደር ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ ሳለ አንዱ አገልጋይ ከጀርባው መጥቶ ትከሻውን ጨመደደውና ጆሮው ስር በማይክ "ልቀቀው!" ብሎ ጮኸ። ሰውየው ዞሮ የአገልጋዩን ክንድ ጠመዘዘው፣ ከዛ ምን እንዳደረገ ሲገባው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሰዉ ደሞ ጋኔን ተገለጠ ብሎ ጭራሽ ከበበው። ጋኔን አልነበረም! ከኋላ የመጣን ነገር ዘግይቶ ያየ በሚሞትበት ቦታ የኖረ ሰውነት ነው፣ በህይወት ያቆየውን ነገር ነው ያደረገው። ያ ሰው ከዛ በኋላ ወደ ጉባኤ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፣ እኔም አልፈርድበትም።

ስለዚህ ከፊት ለፊቱ ኑ፣ ስሙን ጥሩት፣ "እጄን ትከሻህ ላይ ላድርግ?" በሉት፣ አይ ካለ አይ ነው። በር አካባቢ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ከፈለገ ተዉት፣ ወደ ፊት ና እያላችሁ አትጎትቱት። ዓይንህን ጨፍን ብላችሁም አታስገድዱት፣ ዮሐንስ 17 ላይ ጌታ ራሱ የጸለየው ዓይኖቹን ወደ ሰማይ አንስቶ ነው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ እግዚአብሔር ይሰማል።

ቅዠቱ፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጡ፣ ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ተመልሶ መምጣቱ፣ ሰው መሸሹ፣ የሚወዳቸው ሰዎች መሃል ሆኖ ምንም አለመሰማቱ፣ ይሄ ሁሉ ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው፣ ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ህመም) ይባላል፣ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ስም በህክምና መመሪያ ውስጥ ተጽፏል። የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም።

"መድሃኒቱን ጣለው፣ ተፈውሰሃል" የምትሉ ሰዎች፣ እለምናችኋለሁ፣ ተዉ። የድብርት መድሃኒት በድንገት ሲቆም ሰውን በጣም ሊያውከው ይችላል፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒት ከሆነ ደግሞ በአንዴ ማቆም ራሱ መንቀጥቀጡን ያመጣል፣ አደጋው የህይወት ነው። እግዚአብሔር ፈውሶት ከሆነ ሐኪሙም ያየዋል፣ እሱው ቀስ እያደረገ ይቀንስለታል፣ ምን ያስቸኩላል? ኤልያስን ተመልከቱ (1ኛ ነገሥት 19)፣ ያን ያህል ድል አይቶ ክትክታ ዛፍ ስር ተቀምጦ ልሙት አለ፣ መልአኩ አልገሰጸውም፣ አልሰበከውምም። ተኛ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ፣ እንደገና ተነስተህ ብላ መንገዱ ይከብድሃል ተባለ። ጥያቄውን እግዚአብሔር ያነሳበት ከዛ በኋላ ነው፣ "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" አለው። እንቅልፍ ያጣን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጸሎት ላይ የምታቆሙት እስቲ ይሄን ምዕራፍ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የተቆረጠ እግሬን ያመኛል ካላችሁ "እግሩ እኮ የለም" አትበሉት። የሌለ እጅና እግር ያማል፣ ነርቩና አእምሮው የሚፈጥሩት እውነተኛ ህመም ነው፣ ያቃጥላል ይወጋል። ለዛ ህመም ልክ እንደማንኛውም ህመም ጸልዩለት። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሳለትም፣ "ጸጋዬ ይበቃሃል" ነው የተባለው፣ ህመሙ ያልሄደለትን ሰው ኃጢአት ፈልጉበት የሚል ትምህርት እዛ ውስጥ የለም።

ሮሜ 8፥28ን፣ ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል የሚለውን፣ በመጀመሪያው ቀን አትጥቀሱለት። እውነት ነው፣ ግን ጓደኛውን ለቀበረ ሰው በመጀመሪያው ቀን አይባልም።

ከሁሉም ብዙ የማስብበት ይሄኛው ነው። ሰውየው ከስንት ጊዜ በኋላ ደፍሮ "እዛ የሰራሁት ነገር አለ" ሲላችሁ ወዲያው "አንተ ጀግና ነህ፣ ግዴታህን ነው የተወጣኸው" ትሉታላችሁ። አፉን ዘጋችሁት ማለት ነው። እሱ ያመጣው ህሊናውን ነው፣ እናንተ ሜዳልያ ሰጣችሁት። የጥንቷ ቤተክርስቲያን ይሄን ከኛ በተሻለ ታውቀው ነበር፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ ጋር አንድ አላደረገውም፣ ሆኖም የገደሉት እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቁርባን ቢቆጠቡ መልካም ይሆናል ብሎ ጽፏል። ይሄን ዛሬ እንዳለ እንተግብረው እያልኩ አይደለም፣ ግን አባቶች ከጦርነት የተመለሰ ሰው ጊዜና መንገድ እንደሚያስፈልገው አይተዋል። ዘኍልቍ 31 ላይም የገደሉት ወታደሮች ወደ ሰፈር ከመግባታቸው በፊት ሰባት ቀን ውጭ ቆይተው ይነጻሉ።

ስለዚህ ስሙት። ይናዘዝ፣ የሚያምነው ቄስ ወይም ፓስተር ጋር ውሰዱት፣ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን አብራችሁ አንብቡ፣ ይቅርታ የሚሰጠው ለኃጢአት ስለሆነ ኃጢአት የለብህም ብላችሁ ይቅርታውን አትንጠቁት። ግን አንድ ልዩነት እወቁ። ምንም ያላጠፋ፣ ሌሎች ሲሞቱ እሱ በመትረፉ ብቻ ራሱን የሚከስ አለ። እሱን ንስሐ ግባ አትበሉት፣ እሱ የሚያስፈልገው ማልቀስ ነው፣ ዳዊት ለዮናታን እንዳለቀሰው (2ኛ ሳሙኤል 1)። ሁለቱን የምታደባልቁ ሰዎች ብዙ ጉዳት ታደርሳላችሁ።

"ስንት ሰው ገደልክ?" ብሎ መጠየቅ፣ ስለዚህ ምንም አልልም፣ ብቻ አትጠይቁ።

መድረክ ላይ አውጥታችሁ ምስክርነት ስጥ አትበሉት፣ በተለይ ገና ሌሊት ሌሊት እየጮኸ እየነቃ ከሆነ። መድረኩ ላይ ተፈወስኩ ያለ ሰው ቅዠቱ ሲመለስ ለማን ይናገራል?

ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁት፣ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብላችሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፣ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ይተነፍሳሉ። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ መሣሪያ ካለ ከአጠገቡ ይራቅ፣ በዛው ሰዓት ሐኪም ጋር ወይም ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ መንገድ ላይ ጸልዩ። "እንጸልይበታለን" ብሎ ወደ ቤቱ መላክ ግን በጭራሽ!

አሁን ይሄን የምታነበው አንተ ራስህ የተመለስከው ከሆንክ፣ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ቆንጆ ጸሎት አይጠበቅባችሁም። መዝሙር 88ን (በሌላው አቆጣጠር 87ን) ክፈቱ፣ እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ በጨለማ ነው የሚያልቀው፣ ያም ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጸሎት ተብሎ ገብቷል። ጌታም ጌቴሴማኒ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ነው የደገመው፣ ስለዚህ አንድ ነገር መደጋገም አያሳፍርም። ሌሊት ሲከብዳችሁ ይሄን ያህል ይበቃል፦ "ጌታ ሆይ፣ እንቅልፌን እፈራዋለሁ። ያየሁትን አንተም አይተኸዋል፣ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እስኪነጋ አብረኸኝ ሁን። አሜን።" ቃል ከጠፋም መንፈስ ቅዱስ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል ሮሜ 8፥26፣ መቃተት ብቻውን ጸሎት ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት የመጀመሪያውን ሳምንት ተሯሩጦ መጥፋት ነው። የኢዮብ ወዳጆች እንኳን ዝም ብለው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት ተቀምጠዋል፣ ያበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው። ጓደኞቹን ያጣበትን ቀን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ በየዓመቱ ያ ቀን ሲቀርብ ይብስበታል፣ ቀድማችሁ ደውሉ። ሚስቱንም ጠይቁ፣ እሷም ከሱ ጋር እንቅልፍ አጥታለች። ስትደውሉ ደሞ "እንዴት ነህ፣ በጌታ በረታህ?" ከምትሉት "ትላንት ስንት ሰዓት ተኛህ?" በሉት፣ ለዚህኛው እውነተኛ መልስ ይሰጣችኋል፣ ከዛ በሰጣችሁ መልስ ላይ ጸልዩ።